ጣውንቴን በዶሮ ተሳቢ

(ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ባለ የሣር ሜዳ፣ በሰኔ ወር ከሰዓት በኋላ፤ ጡረተኛው የአውሮፕላን መካኒክ ተካልኝ በገዛ እጁ ከሠራት ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን አጠገብ ቆሞ፣ የዶሮ ማመላለሻ ተሳቢዋን በፒካፕ እየጎተተች ከመጣችው የቀድሞ ሚስቱ ከዘነበች ጋር ይሟገታል፤ ደመናው በየረር በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነው።)

ዘነበች፦ ትንሽ ዕቃ ነው ያልከኝ! በስልክ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? «ዘኑ፣ አንዲት ትንሽ ዕቃ አለችኝ፣ ለክረምቱ ታስቀምጪልኛለሽ ወይ?» ነው ያልከኝ። እኔ ሻንጣ መስሎኝ!

ተካልኝ፦ ለሻንጣ ተሳቢ ይዘሽ ነው የመጣሽው?

ዘነበች፦ ተሳቢውን ይዘሽ ነይ ስትለኝ፣ በቃ ቁምሳጥን ነው ብዬ ነዋ! አውሮፕላንን ትንሽ ዕቃ ብሎ የሚጠራ ሰው አገር ምድሩ ቢፈለግ አንተ ብቻ ነህ።

ተካልኝ፦ ስትታጠፍ ትንሽ ናት። ክንፏ ወደ ኋላ ይታጠፋል። አንቺው ታውቂ የለ? ሳሎን ውስጥ አጥፈናት አልነበር?

ዘነበች፦ ሳሎን ውስጥ የታጠፍኩትስ እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና የማልፈው በሆዷ ስር እየተሳብኩ ነበር። እንግዳ ሲመጣ «ግቡ፣ ኑ፣ ጭራዋ ጋ ተቀመጡ» እያልኩ።

ተካልኝ፦ እንግዳውም ደስ ይለው ነበር።

ዘነበች፦ የንስሐ አባቴ ደስ አላቸው? ጸበል ሊረጩ መጥተው ፕሮፔለሩ ጥምጣማቸውን ጠለፈው! ከዚያ ወዲያ ቤታችንን ከውጭ ሆነው ነበር የሚባርኩት።

ተካልኝ፦ ዘኑ፣ ደመናውን እዪው።

ዘነበች፦ ዘኑ አትበለኝ። ዘኑ ከፍቺው ጋር አብራ ሄዳለች። ዘነበች ነኝ።

ተካልኝ፦ እሺ፣ ዘነበች፤ ደመናውን እዪው። ዝናቡን እንኳ እችለዋለሁ። የምፈራው አንቺን ነው። አንቺ ከዘነብሽ አታባሪም።

ዘነበች፦ እንግዲያው አባርቼ ልሂድልህ። ፍርድ ቤቱ ሲያካፍለን ምን አለ? አውሮፕላኑ ለአንተ፣ ተሳቢው ለእኔ። ዳኛው ራሳቸው ሁለቴ ነው የጠየቁት፤ «አውሮፕላን ነው ያላችሁት? የሚበረውን?» ብለው። እኔም «እሱ ሲያየው ይበራል፣ እኔ ሳየው ቆሞ ነው» አልኳቸው። ጸሐፊዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች።

ተካልኝ፦ ባለ መሬቱ ጉደታ መጠለያዋን አፈረሰው።

ዘነበች፦ ለምን?

ተካልኝ፦ ሜዳውን ሊያርሰው ነው። መሬቱ የራሱ ነው፣ ምን ልለው እችላለሁ? እስከ ዛሬ ማስቀመጡም ደግነቱ ነው። ቆርቆሮውንና እንጨቱን በጋሪ ጭኖ ወሰደው። ይኸው እሷ ሜዳ ላይ ቀረች። ዛሬ በረዶ ከጣለ ክንፏ ወንፊት ነው የሚሆነው። ጨርቅ እኮ ነው፣ ዘነበች።

ዘነበች፦ ጨርቅ መሆኑን ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ማን ሰፋው?

ተካልኝ፦ አንቺ።

ዘነበች፦ አልሰማሁም።

ተካልኝ፦ አንቺ ነሽ የሰፋሽው! ይበቃል?

ዘነበች፦ አይበቃም። የሙሽራ ቀሚስ ሥራዬን አቁሜ፣ ዓይኔ እስኪፈዝ፣ ስፌት በስፌት ላይ። ደንበኞቼ «ዘነበች ለማን ነው የምትሰፋው?» ሲባባሉ፣ «ለባሏ ሌላ ሚስት» ይሉ ነበር። አልተሳሳቱም። እሺ፤ ለጨርቁ ስል ነው። ለአንተም ለእሷም ስል አይደለም። ጣውንቴን በገዛ ተሳቢዬ ልጫናት። ይሄን የሰሙ እንደሆነ ሴቶች ከዕድር ያባርሩኛል።

ተካልኝ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ውስጡ ንጹሕ ነው?

ዘነበች፦ ትናንት ዶሮ ነው የጫንኩበት። ምን ልታገኝበት ኖሯል፣ ምንጣፍ?

ተካልኝ፦ ላባው ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ነው።

ዘነበች፦ ላባ ይገባታል አይገባትም እያልክ ከምትጨነቅ፣ ሰማዩን እያየህ ሥራህን ሥራ።

ተካልኝ፦ በይ የግራውን ክንፍ ጫፍ በሁለት እጅሽ ያዢልኝ። እኔ እዚህ ሥሩ ጋ ያለውን ፒን ስነቅለው ክንፉ ይለቃል። እንዳትደነግጪ። ቀስ አድርገሽ ወደ ጭራዋ ይዘሽው ትዞሪያለሽ።

ዘነበች፦ ብለቀውስ?

ተካልኝ፦ አትልቀቂው።

ዘነበች፦ ብለቀውስ ነው ያልኩህ።

ተካልኝ፦ የሰፋሽውን ትቀጂዋለሻ።

ዘነበች፦ ንቀል።

ተካልኝ፦ ያዝሽ?

ዘነበች፦ ይዣለሁ። ኧረ ይሄ ነገር ቀላል ነው! ከመኖ ጆንያ እኮ ይቀላል!

ተካልኝ፦ ዙሪ፣ ዙሪ... ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ጭራዋ! እንደሱ። አሁን ማረፊያው ላይ አስቀምጪው። ጎበዝ።

ዘነበች፦ ጎበዝ አትበለኝ፣ ተማሪህ አይደለሁም። አጃኢብ! ታጠፈች እኮ። ልክ እንደ ፌንጣ።

ተካልኝ፦ ታምራለች አይደል?

ዘነበች፦ ፌንጣ ነው ያልኩት፤ ታምራለች አላልኩም። ቀኙን ንቀል፣ ጠብ ማለት ጀምሯል።

ተካልኝ፦ የቀኙ ፒን እምቢ አለ። ዝጎ ይሆናል።

ዘነበች፦ ምታው።

ተካልኝ፦ አውሮፕላን አይመታም።

ዘነበች፦ ቴሌቪዥናችንን ስትመታው አልነበር?

ተካልኝ፦ ቴሌቪዥኑ አይበርም ነበር። ቫዝሊን ይዘሻል?

ዘነበች፦ ለእጄ ነው የያዝኩት። ደግሞ ጣውንቴን ቅባት ልቀባት ነው? እንካ። አትጨርሰው።

ተካልኝ፦ ትንሽ ነው... እንዲህ... ወጣ! ያዢ፣ ያዢ፣ ያዢ!

ዘነበች፦ ይዣለሁ፣ ምን ያስጮህሃል? ከአንተ ይልቅ እኔ ተረጋግቻለሁ። ይኸው፣ አረፈ።

ተካልኝ፦ ሁለቱንም ሳንቃ አቅርቢልኝ። በሳንቃው ላይ በአፍንጫዋ እናስገባታለን። እኔ ውስጥ ሆኜ ገመዱን በሚጠቀልለው በዊንቹ እስባታለሁ፣ አንቺ ከኋላ አቅኚያት።

ዘነበች፦ ዊንቹ እኮ የእኔ ነው። መኖ የምጎትትበት ነው። አደራ እንዳትሰብረው።

ተካልኝ፦ እሺ። ግፊ... ወደ ግራ... ትንሽ ወደ ቀኝ... በቃ! በቃ! ቁሚ!

ዘነበች፦ ገባች! በል ና ውጣ፣ በሩን እንዝጋው።

ተካልኝ፦ አልገባችም። ፕሮፔለሩ ዊንቹን ሊነካ ነው። ከኋላ ደግሞ የክንፎቿ ጫፍ ውጭ ቀርቷል። በሩ አይዘጋም።

ዘነበች፦ ቀይ ጨርቅ አስረንበት እንሂድ። ሶፋ እንደዚያ ነው የሚጫነው።

ተካልኝ፦ ሶፋ! በረዶው የሚመታው እኮ የቀረውን ጫፍ ነው። መልሰን አውጥተን እናዞራታለን። በጭራዋ ትግባ። ጭራዋ ቀጭን ነው፣ በዊንቹ ላይ ያልፋል።

ዘነበች፦ ይሄን መጀመሪያ ማሰብ አይቻልም ነበር?

ተካልኝ፦ አስቤው ነበር።

ዘነበች፦ ታዲያ?

ተካልኝ፦ ሌላው ነገር ይቀላል ብዬ ነው።

ዘነበች፦ ይሄ ንግግር በመቃብርህ ላይ ይጻፍልህ። በል እንግፋ። ወጣች። ገመዱን ልፍታው?

ተካልኝ፦ ፍቺው። አይ፣ ቆይ! አፍንጫዋን ያዢ!

ዘነበች፦ ኧረ ተነሳች! ተካልኝ፣ ልትበር ነው እንዴ?

ተካልኝ፦ ተጫኛት! በሁለት እጅሽ! ክንፏ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ጭራዋ ይከብዳል። ቅድም ገመዱ ነበር ወደ ታች የያዘልን። አሁን ክብደት ያስፈልገኛል። ጋቢናው ውስጥ ግቢ።

ዘነበች፦ ምን አልክ?

ተካልኝ፦ ጋቢናው ውስጥ ግቢና ተቀመጪ። ክብደትሽን ነው የምፈልገው።

ዘነበች፦ እስቲ ድገመው።

ተካልኝ፦ ክብደትሽን...

ዘነበች፦ ይኸው! ያን ሁሉ ዓመት አብሬህ ስኖር ለእኔ ክብደት አልሰጠህም። ዛሬ ነው ክብደቴ የታወሰህ!

ተካልኝ፦ የፊዚክስ ጉዳይ ነው።

ዘነበች፦ ጋብቻችንም የፊዚክስ ጉዳይ ነበር። አንተ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች። በየት በኩል ነው የሚገባው?

ተካልኝ፦ በግራ። እግርሽን መጀመሪያ፣ ከዚያ ዝቅ በይ።

ዘነበች፦ ግራው የአንተ መቀመጫ አይደል?

ተካልኝ፦ ዛሬ መሪውን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ፍሬኑ እግርሽ ስር ነው። «ያዢ» ስልሽ ትረግጪዋለሽ። በቀረው ጊዜ ምንም ነገር አትንኪ።

ዘነበች፦ ምን እነካለሁ? እንዲህ ነው እንዴ ከዚህ ሲታይ።

ተካልኝ፦ ምኑ?

ዘነበች፦ ምንም። የቀበሌውን ሊቀ መንበር አሳፈርክ። የእንስሳት ሐኪሙን አሳፈርክ። የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጸውን ሰውዬ ከነካሜራው አሳፈርክ። እኔ ከታች ቆሜ ነጠላዬን ሳውለበልብ ኖርኩ። ባንዲራ ነበር የምመስለው።

ተካልኝ፦ እነሱ ሲሳፈሩ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ዘነበች፦ ምን ማለት ነው?

ተካልኝ፦ ገመዱን ጭራዋ ላይ አስሬያለሁ። ውስጥ ገብቼ ዊንቹን ላዙር ነው።

ዘነበች፦ ቆይ፣ ቆይ። እኔ ብሆን ይንቀጠቀጣል ማለት ነው?

ተካልኝ፦ ፍሬኑን ልቀቂ፣ ዘነበች።

ዘነበች፦ ለቅቄያለሁ። አሁን ንገረኝ።

ተካልኝ፦ ምን ልንገርሽ? ሞተሩን እኔ ራሴ የገጠምኩት፣ እያንዳንዷን ብሎን እኔ ራሴ ያጠበቅኩት። አንቺ በጎኔ ብትቀመጪና አንዷ ብሎን ብትላላ... እያሰብኩት መሬት ላይ እያለሁ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በቃ ይኸው።

ዘነበች፦ የቀበሌው ሊቀ መንበር ላይ ብሎን ቢላላስ?

ተካልኝ፦ ምክትል አለው።

ዘነበች፦ አታስቀኝ፣ ፍሬኑን እረግጠዋለሁ። ሞኝ ሰውዬ። ይሄን ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ወፍራም ስለሆንኩ ነው ብዬ ጂም ልገባ ነበር።

ተካልኝ፦ ላዙር?

ዘነበች፦ አዙር። ወደ ላይ እየወጣሁ ነው። ኧረ እየበረርኩ ነው! ወደ ኋላ እየበረርኩ ነው እንጂ!

ተካልኝ፦ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ።

ዘነበች፦ ይዣለሁ። እህትህ ጥሩወርቅ ደህና ናት?

ተካልኝ፦ ደህና ናት።

ዘነበች፦ እሷ ጋ የአዳማ ሙቀት እንዴት አደረጋችሁ?

ተካልኝ፦ ይሞቃል። ለመድነው።

ዘነበች፦ ትበላለህ? ታበላሃለች?

ተካልኝ፦ በደንብ። ትናንትና ማታ ዶሮ ወጥ ሠርታልኝ ጠግቤ ነው ያደርኩት።

ዘነበች፦ በሰኔ ጾም?

ተካልኝ፦ ምን?

ዘነበች፦ ጥሩወርቅ፣ ያቺ የሰኔን ጾም ውኃ እንኳ ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆየው ሴትዮ፣ ዶሮ ወጥ ሠራችልህ?

ተካልኝ፦ ለእኔ ብቻ ነው። እሷ አልበላችም።

ዘነበች፦ እሺ። ተካልኝ፣ ይሄ ከመቀመጫው ኋላ ያለው የጥርስ ብሩሽ ምን ይሠራል?

ተካልኝ፦ የጥርስ ብሩሽ? እሱ... ካንዴላ ማጽጃ ነው። የሞተሩን ካንዴላ በጥርስ ብሩሽ ነው የሚያጸዱት።

ዘነበች፦ የጥርስ ሳሙናውስ?

ተካልኝ፦ አብሮ የመጣ ነው።

ዘነበች፦ ካንዴላው አፉ እንዳይሸት ነው? ምላጩስ? ሞተሩ ጢም ያበቅላል?

ተካልኝ፦ ዕቃ አትነካኪ አላልኩሽም?

ዘነበች፦ አልነካካሁም፣ ትራሱ ነው ጀርባዬን የወጋኝ። ትራስ አለ። ብርድ ልብስ አለ፤ ይሄን ብርድ ልብስ አውቀዋለሁ፣ ጫፉን እኔ ነኝ የቋጨሁት። መጥበሻ አለ። ኮትህ በማንጠልጠያ ተሰቅሏል፤ ሸሚዝህ ደግሞ ተተኩሷል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ሜዳ ሸሚዝ የምትተኩሰው በምንድን ነው?

ተካልኝ፦ በጋለ መጥበሻ ታችኛው ጎን።

ዘነበች፦ ዊንቹ ቆመ እኮ፣ ተካልኝ።

ተካልኝ፦ አውቃለሁ።

ዘነበች፦ ተንጠልጥዬ ልቀር ነው?

ተካልኝ፦ ፍሬኑን ያዢ። አንዴ ልረፍ።

ዘነበች፦ ይዣለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ተካልኝ፦ ከፋሲካ ወዲህ። መጠለያው እያለ ደህና ነበር። ቆርቆሮ ነው፣ ግን ቤት ነው። ጉደታ ውሻውን እንኳ ሌሊት እዚያ ያስርልኝ ነበር፤ ለወሬ።

ዘነበች፦ ጥሩወርቅ ጋ ምን ሆንክ?

ተካልኝ፦ ምንም አልሆንኩም። ሳሎን ላይ ነበር የማነጥፈው። ሌሊት ሽንት ቤት የሚሄድ ሁሉ ይረግጠኛል፤ እሱንስ ለመድኩት። አንድ ቀን ግን ባሏ «ወንድምሽ እስከ መቼ ነው?» ሲላት ሰማሁት። ክፉ ሰው አይደለም። ቀስ ብሎ ነው የጠየቃት። ቀስ ብሎ ባይሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ቁርስ ሳይደርስ ወጣሁ።

ዘነበች፦ ለእሷስ ምን አልካት?

ተካልኝ፦ ቢሾፍቱ ቤት ተከራየሁ አልኳት።

ዘነበች፦ ለእኔ ደግሞ አዳማ እህቴ ጋ ነኝ ትለኛለህ። ሁለት ከተማ ውስጥ እየኖርክ የምታድረው ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ ማታስ?

ተካልኝ፦ አንድ ቦታ አላጣም።

ዘነበች፦ የት?

ተካልኝ፦ መናኸሪያው አካባቢ...

ዘነበች፦ መናኸሪያ! በተተኮሰ ሸሚዝ! ለምን አልደወልክልኝም?

ተካልኝ፦ ደወልኩልሽ እኮ።

ዘነበች፦ ለእሷ ብለህ ነው የደወልከው! ለዚች ለፌንጣ!

ተካልኝ፦ ለእሷ ሲሆን መለመን ይቀለኛል።

ዘነበች፦ ቆይ፣ ፊቴን በነጠላዬ ልጥረግ።

ተካልኝ፦ ዘነበች? እየዘነበ ነው?

ዘነበች፦ አዎ፣ ትንሽ ትንሽ። አዙር ዊንችህን።

ተካልኝ፦ እያዞርኩ ነው። ጭራዋ ተሳቢው ውስጥ ባለው ትርፍ ጎማ ላይ አረፈ። አሁን ከዚህ ወዲያ አትነሳም፣ ውረጂ። አፍንጫዋን ብቻ ገፋ አድርጊልኝ፣ የቀረችው ትንሽ ናት።

ዘነበች፦ ወረድኩ። እየገፋሁ ነው። ግቢ፣ ግቢ፣ አንቺ ጉደኛ... ገባች! ፕሮፔለሯም ገባ። በሩ ይዘጋል፣ ተካልኝ! ለካ እውነትም ትንሽ ዕቃ ነች!

ተካልኝ፦ አልኩሽ አይደል? ታኮ አድርጊላት፣ ከጎማዋ ፊት። ድንጋዩ እዚያው አለ።

ዘነበች፦ አደረግኩ። በል ና ውጣ።

ተካልኝ፦ እየመጣሁ ነው። በቀኝ በኩል... አይ። በግራ በኩል... 

ዘነበች፦ ምነው?

ተካልኝ፦ ምንም።

ዘነበች፦ ምንም ማለት ምን ማለት ነው?

ተካልኝ፦ በቀኝም ክንፍ አለ፣ በግራም ክንፍ አለ። ማለፊያ የለም።

ዘነበች፦ ተቀረቀርክ?

ተካልኝ፦ አልተቀረቀርኩም። መውጫ አላገኘሁም።

ዘነበች፦ ሳሎኔ ውስጥ ይሄ ነበር ኑሮዬ! በሆዷ ስር ተሳብ፣ እንደ እኔ!

ተካልኝ፦ እየሞከርኩ ነው... ትከሻዬ አለፈ... ቆይ... ሆዴ አላለፈም።

ዘነበች፦ የእኔን ክብደት ስትፈልግ የአንተ ከየት መጣ? ያ ሁሉ የመጥበሻ እንቁላል ነው።

ተካልኝ፦ አትሳቂ።

ዘነበች፦ አልሳቅኩም።

ተካልኝ፦ ተሳቢው እየተነቃነቀ ነው እኮ፣ ተደግፈሽው እየሳቅሽ ነው።

ዘነበች፦ ይቅር በለኝ። በተሳቢው የአየር ማስገቢያ ሽቦ በኩል እስቲ ፊትህን አሳየኝ። ውይ፣ ላባ ተለጥፎብሃል። ግንባርህ ላይ።

ተካልኝ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ከዚያ እናወጣትና እወጣለሁ። ታኮውን አንሺ፣ እኔ ዊንቹን እለቅቃለሁ፣ አንቺ በዝግታ ወደ ውጭ ትስቢያታለሽ።

ዘነበች፦ ተካልኝ፣ ስማ።

ተካልኝ፦ ምን?

ዘነበች፦ የምሰማውን ስማ። የተሳቢው ቆርቆሮ ላይ።

ተካልኝ፦ በረዶ ነው።

ዘነበች፦ ገና ሽምብራ ያክላል። በየረር በኩል ያለው ግን ነጭ ሆኗል፣ ተራራው አይታይም። አንተን ለማውጣት እሷን ማውጣት አለብኝ። ሳወጣት ክንፏ ይበሳል። አስር ጊዜ አትጠይቀኝ፣ በአንተ ትእዛዝ ነው የማደርገው። ላውጣት?

ተካልኝ፦ እስኪያባራ እንጠብቅ።

ዘነበች፦ በሩን ከፍቼ? አፍንጫዋን ይቀጠቅጠዋል። በሩን ዘግቼ እኔ የት ልቁም? አልቆምም፤ ሲጨቀይ ይሄ ተሳቢ ከሜዳው አይወጣም። ወይ ሁለታችሁንም ጭኜ አሁን እሄዳለሁ፣ ወይ ሁለታችሁንም አወርዳለሁ።

ተካልኝ፦ ወዴት ነው የምትሄጂው?

ዘነበች፦ ወዴት እሄዳለሁ? ቤቴ ነዋ።

ተካልኝ፦ አይሆንም።

ዘነበች፦ ለምን አይሆንም?

ተካልኝ፦ ከዚያ ቤት የወጣሁት ሻንጣዬን በእጄ ይዤ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየኝ ነው። አሁን በዶሮ ተሳቢ ተጭኜ ልመለስ? ሰው ምን ይላል?

ዘነበች፦ «ዘነበች ባሏን በዶሮ ተሳቢ ጭና አመጣችው» ይላል። እውነት ነው፣ ምን ይባላል?

ተካልኝ፦ የቀድሞ ባሏን።

ዘነበች፦ ዝርዝሩን ለእነሱ እንተውላቸው።

ተካልኝ፦ ተሳቢ ላይ ሰው መጫን ክልክል ነው። ትራፊክ ቢያስቆምሽስ?

ዘነበች፦ ከፍቼ አሳየዋለሁ። አውሮፕላን ካየ በኋላ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ ይመስልሃል?

ተካልኝ፦ አዝነሽልኝ ከሆነ አልፈልግም። እውነቴን ነው። የአማቼን ቀስ ያለ ድምፅ ሰምቼ ነው የመጣሁት። ካንቺ አፍ ደግሞ አልሰማውም።

ዘነበች፦ እኔ ቀስ ብዬ ተናግሬ አውቃለሁ?

ተካልኝ፦ አታውቂም።

ዘነበች፦ ታዲያ! «እስከ መቼ ነው?» ካልኩህ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ነው የምልህ። ስማኝ፤ ዋናው ቤት አልልህም። ሰርቪሱ ነው። ጫጩቶች አሉበት። አምፖል በርቶላቸዋል፣ ሌሊትም አይጠፋም፣ ይሞቃል። በአንደኛው ጥግ አልጋ ይገባል።

ተካልኝ፦ ከጫጩት ጋር?

ዘነበች፦ እነሱ ካልተቃወሙ። ደግሞ የመፈልፈያው ማሽን ከሚያዝያ ጀምሮ አንዱ ጎኑ አይሞቅም። ሦስት ባለሙያ አምጥቼ ሦስቱም ጭንቅላታቸውን አከኩ። አንተ ቢያንስ ማከክ አትወድም፣ ወዲያው ነው የምትፈታታው።

ተካልኝ፦ ለማሽኑ ነው የፈለግሽኝ?

ዘነበች፦ ለእሷ ሲሆን መለመን ይቀለኛል ያልከው አንተ አይደለህም? እኔም ለማሽኑ ሲሆን ይቀለኛል። በረዶው ጨመረ፣ አናቴን እየመታኝ ነው፣ ምን እንድልህ ነው የምትፈልገው? ባለፈው አንዷን እንቁላል ጣይ «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ነገር አለሽ» ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ ምን እንደሆንኩ ታውቃለህ? መልስ ጠበቅኩ። ቆሜ መልስ ጠበቅኩ፣ ተካልኝ። ከዶሮ።

ተካልኝ፦ ምን አለችሽ?

ዘነበች፦ እንዳንተው ዝም አለችኝ።

ተካልኝ፦ አናትሽን ሸፍኚ።

ዘነበች፦ በምን ልሸፍን? ነጠላዬን አፍንጫዋ ላይ አልብሼላታለሁ።

ተካልኝ፦ ለምን?

ዘነበች፦ እኔ እንጃ። ቀዝቅዟት መሰለኝ። ጨርቁ ብቻውን ብርድ አይችልላትም ብዬ... ተወኝ አቦ! ልዘጋው ነው። ከመዝጋቴ በፊት አንዴ ነው የምጠይቀው፣ እንደ ታክሲ ረዳት። ሰማኸኝ? ወራጅ አለ?

ተካልኝ፦ ቆይ፣ ግንባሬ ላይ ያለውን ላባ ላንሳ።

ዘነበች፦ ወራጅ አለ ወይ ነው የምልህ!

ተካልኝ፦ ወራጅ የለም። ንጂው።